ፊት ጠጋኙ ሐኪም ደሴ ይቀመጥልን

ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ፣ ከግመል ተራው አለፍ ብሎ አንዲት ልጅ ውኃ ስትጠጣ አየሁ። ግራ ጉንጯን በመዳፏ ደፍና ነው የምትጠጣው፤ እጇን ስታነሳ ውኃው በጉንጯ ቀዳዳ ይፈሳል። አያቷን «አላሳከማችኋትም እንዴ?» አልኳቸው። «በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ዳነች ስንል ድዷ ቆስሎ በላት። አዲስ አበባ ውሰዷት አሉን። ፍየሎቹን ለማን ጥዬ ልሂድ፣ ልጄ?»

ሐኪም አይደለሁም፤ አመጣጡ ግን ኖማ የሚባለውን በሽታ ይመስላል። ኖማ በብዛት ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፣ ምግብ ያጠራቸውንና ሌላ በሽታ ያደከማቸውን ሕፃናት ይይዛል። ከድድ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ጉንጭና አፍንጫ ይበላል፤ ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው።

ለተረፉት፣ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጊ ድርጅት ለዓመታት ቀዶ ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ቆይቷል። ውለታው አይካድም። ግን ፊት በአንድ ጊዜ ተሰፍቶ የሚያልቅ አይደለም። አፍንጫ ከግንባር ቆዳ ሲሠራ፣ ቆዳው ከደም ሥሩ ሳይለይ ወደ ታች ይታጠፋል፤ 3 ሳምንት ገደማ ቆይቶ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይለያል፤ ማስተካከያም ይከተላል። እንግዳው ሐኪም አገሩ ከገባ ታካሚውን ማን ይከታተለው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህም አይደል?

ለእኔ ቅርቡ ሰው ከአንገት በላይ ሐኪሙ ነው። አፍንጫውንም የመተንፈሻውን መንገድም ያውቃል፤ ኖማ መንጋጋውን የቆለፈበትን ሰው ማደንዘዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይጠፋውም። በጥቁር አንበሳና በጳውሎስ ሆስፒታሎች የሚሠለጥኑት የዘርፉ ሐኪሞች ከፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ጎን ቆመው የፊት ጥገናን ቢማሩና ለባቲ በምትቀርበው ደሴ ቢመደቡስ? አንድ ሥጋት ግን አለኝ፦ ሙያውን የቀሰመው ሐኪም ለቁንጅና አፍንጫ ወደሚያቀጥን የግል ክሊኒክ ቢሄድ ምን ይገርማል? እንግዲያውስ የሚያገለግልበት ቦታ ከሥልጠናው በፊት በውል ይታሰር፤ ደመወዙም ቤተሰብ የሚያኖር ይሁን።

የዚህ ሐኪም ሥራ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ብቻ አይሆንም። ኖማ ገና ድድ ላይ ሳለ በአንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ሊቆም ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ኩፍኝ የያዘውን ሕፃን አፍ ከፍተው ድዱን እንዲያዩ የሚያሳያቸው፣ ሲጠራጠሩም ስልክ የሚያነሳላቸው ሰው ይፈልጋሉ።