እንቁላሉንና ለውዙን ከልጁ ለምን ትደብቁበታላችሁ?

"ዶክተር፣ እንቁላል ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም አይደል?"

ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ልብ በሉ፣ ይሄ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ቤት ውስጥ ተወስኖ አልቋል፣ ከእኔ የሚጠበቀው "አዎ" ማለት ብቻ ነው። እኔ ግን "አዎ" አልልም።

አንዷ እናት ዓመት ትላለች፣ ሌላዋ ሁለት ዓመት፣ ለለውዝ (ለኦቾሎኒ) ሲሆን ደግሞ ሦስት ዓመት የሚሉም አሉ። "ማን ነገረሽ?" ስላቸው ጎረቤት፣ አክስት፣ ቴሌግራም፣ ወይም "እዚህ ልጆች በለውዝ ይሞታሉ" ብላ ከአሜሪካ የደወለች እህት ናት። አንዳንዴ ደግሞ፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄኛው ነው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ነው።

የዚህ ምክር ምንጭ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ በቤተሰባቸው አለርጂ ላለባቸው ሕፃናት የላም ወተት እስከ 1 ዓመት፣ እንቁላል እስከ 2 ዓመት፣ ለውዝና ዓሣ እስከ 3 ዓመት ይቆዩ ብሎ መከረ። ማዘግየት አለርጂን ይከላከላል ተብሎ ታስቦ ነው እንጂ ተፈትኖ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 አካዳሚው ራሱ "ማዘግየት እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ የለም" ብሎ ምክሩን አነሳ። ባለቤቱ የጣለውን ምክር እኛ አንስተን፣ ያውም በአለርጂ የተጠረጠረውንም ያልተጠረጠረውንም ልጅ አንድ ላይ አድርገን፣ እስከ ዛሬ እየተመራንበት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ጥናት ነገሩን ጭራሽ ገለበጠው። ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ በእንግሊዝና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆችን አወዳደሩ። በእንግሊዝ የሚኖሩት ላይ የታየው የለውዝ አለርጂ በእስራኤል ካሉት አሥር እጥፍ ያህል ነበር። የእንግሊዞቹ እናቶች ለውዝ ሲያርቁ፣ የእስራኤሎቹ ልጆች ገና በድዳቸው ባምባ የሚባለውን የለውዝ መክሰስ ይበላሉ። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎቼ ባምባን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ግን ሁለት አገር ማወዳደር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ በአየሩም በሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለንደን ውስጥ በትክክል ፈተኑት። ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው፣ ከባድ ችፌ (ኤግዚማ) ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለውዝ በየሳምንቱ እየበሉ፣ ግማሾቹ ጭራሽ ሳይነኩ 5 ዓመት ሞላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ከተከለከሉት ውስጥ 17.2 በመቶ የሚሆኑት የለውዝ አለርጂ ያዛቸው፣ ከበሉት ውስጥ ግን 3.2 በመቶ ብቻ። ልጆቹ 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በድጋሚ ሲታዩም ልዩነቱ አልጠፋም።

በእንቁላልም እንዲሁ ነው። ጃፓኖች ችፌ ላለባቸው ሕፃናት ቆዳቸውን በደንብ እያከሙ ከ6 ወር ጀምሮ በጣም ትንሽ የበሰለ የእንቁላል ዱቄት ሰጧቸው። በ1 ዓመታቸው የእንቁላል አለርጂ የተገኘባቸው 8 በመቶ ነበሩ። ካልተሰጣቸው ውስጥ ግን 38 በመቶ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የሕፃን ሰውነት አንድን ምግብ በአፍና በሆድ በኩል ሲተዋወቀው "ይሄ ምግብ ነው" ብሎ ይለምደዋል። በቆሰለና በተሰነጣጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባበት ግን "ጠላት መጣ" ሊል ይችላል። ምግቡን ከአፉ ብታርቁት ከቤቱ አታርቁትም። ለውዙ በእጃችሁ፣ በሶፋው፣ በአልጋው ላይ አለ። ልጁን በአፉ ከልክላችሁ በቆዳው ታስተዋውቁታላችሁ። በነገራችን ላይ፣ ለዚሁ ምክንያት ችፌ ያለበትን ሕፃን ቅቤም ሆነ ሌላ የሚበላ ነገር አትቀቡት። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃዋል፣ ሐኪም ያዘዘው ቅባት ካለም እሱን በአግባቡ ተጠቀሙ።

"እኛ አገር አለርጂ የት አለ፣ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚሉኝም አሉ። ይሁን፣ እንዳላችሁት ይሁን። አለርጂው ከሌለ ታዲያ እንቁላሉን የምትከለክሉት ምን ፈርታችሁ ነው? ካለ ደግሞ፣ ማዘግየት እንደሚያብሰው አይተናል። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ክልከላው መቆሚያ የለውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረዋል። ከመቶ ሠላሳ ሰባት! እኛ ደግሞ እንዲህ ባለ አገር እንቁላልን ያህል ምግብ "ለሆዱ ይከብደዋል" ብለን ለአባትዬው ሳህን እናደርገዋለን። ልጁ ውሃ የበዛበት አጥሚት ይጠጣል። ሆዱ ይሞላል፣ አጥንቱና አእምሮው ግን የሚያድግበት አያገኝም። እንቁላል ተወዷል፣ አውቃለሁ። የመግዛት አቅም ያጣችን እናት አልወቅስም። የምሟገተው ቤቱ ውስጥ ገብቶ ልጁ ጋ ስለማይደርሰው እንቁላል ነው።

በጾም ወቅትም ተመሳሳይ ነገር አያለሁ። ሕፃን አይጾምም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ድስቱ ነው። የጾም ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ ልጁም ሁለት ወር አብሮ ይጾማል። ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለዩለት፣ አለቀ።

አሁን እንዴት ይሰጥ? ልጁ 6 ወር ሲሞላው፣ ጡቱን እየጠባ፣ አንገቱን አጽንቶ ተደግፎ መቀመጥ ሲችል፣ መጀመሪያ ገንፎና የተፈጨ አትክልት ይልመድ። ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንቁላል ይከተል። አስኳሉም ነጩም እስኪጠነክር ይቀቀል፣ ይድቀቅ፣ በጡት ወተት ወይም በገንፎ ይቅጠን። ጥሬና ግማሽ የበሰለ አይሁን። ለውዝ ደግሞ ተቆልቶ በደንብ ተፈጭቶ ገንፎው ውስጥ ይግባ፣ ወይም ስኳር የሌለበት የለውዝ ቅቤ በሞቀ ውሃ ይቅጠን። ሙሉ ፍሬ ለውዝ ግን እስከ 5 ዓመት በፍጹም አትስጡ! እሱ የአለርጂ ጉዳይ አይደለም፣ ትንፋሽ ይዘጋል። የሻገተ ወይም የመረረ ለውዝም ጣሉት፣ ሻጋታው መርዝ አለው።

አዲሱን ምግብ ልጁ ጉንፋንም ተቅማጥም ሳይኖርበት፣ ጠዋት ወይም ቀን ላይ፣ እቤት ሆናችሁ አስጀምሩት። ማታ ሊተኛ ሲል አይሁን። በማንኪያ ጫፍ ቅመሱለትና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ደህና ከሆነ የቀረውን ቀስ እያላችሁ ስጡት። ከዚያ ሁለት ሰዓት ዓይናችሁን አትንቀሉ። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ ይሁን፣ አለበለዚያ ሽፍታ ቢወጣ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም። ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣ፣ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎም በዚሁ መንገድ ይገባሉ። የገበያው ምጥን ዱቄት ብዙውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ከእሱ በፊት ለየብቻ አስቀምሱት።

ብዙ ወላጅ የሚስተው ደግሞ ይሄን ነው፦ አንዴ አቅምሶ መተው አይበቃም። የተስማማውን ምግብ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጥሉበት። ለለውዝ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ሰውነቱ የሚለምደው ሲደጋገምለት ነው።

ማርን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉብኝ። ማር 1 ዓመት ሳይሞላ የሚከለከለው በአለርጂ ሳይሆን ቦቱሊዝም በሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፣ ያ ክልከላ ዛሬም ትክክል ነው። የላም ወተትም በጡት ፋንታ ዋና መጠጥ የሚሆነው ከዓመት በኋላ ነው።

ከባድ ችፌ ያለበት ወይም ከዚህ በፊት አንድ ምግብ የተቆጣበት ልጅ ካላችሁ ራሳችሁ አትጀምሩ፣ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። ግን "እያየን እንቆይ" ተብላችሁ ወራት አይለፉባችሁ። ቶሎ መጀመር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ልጅ ነውና። ጤነኛውን ልጅ ደግሞ "የሁሉም ምግብ የአለርጂ ምርመራ" እያላችሁ ደም አታስቀዱት። ወረቀቱ ላይ "ፖዘቲቭ" የተባለውን ብዙ ምግብ ልጁ ያለ ምንም ችግር ሊበላው ይችላል፣ እናንተ ግን ወረቀቱን አይታችሁ ታስርቡታላችሁ።

በአፉ ዙሪያ ብቻ ቅላት ቢያይ አትደንግጡ፣ ምግቡ ቆዳውን ነክቶት ሊሆን ይችላል። አካሉ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ያለው ሽፍታ ከወጣ ወይም ካስመለሰው፣ ያንን ምግብ አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ካሳለ፣ ትንፋሹ ካፏጨ፣ ደጋግሞ እያስመለሰ ከዛለ ወይም ከገረጣ ግን ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሩጡ። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ሽሮፕ አጠጥታችሁ እቤት አትጠብቁ። በመንገድም አስተኝታችሁ ያዙት እንጂ ቀጥ አድርጋችሁ አታቁሙት። መተንፈስ ከከበደው ግን እቅፋችሁ ላይ ይቀመጥ።