የወሊድ ገበያ፤ ከፋዩ የሚገዛው ምንድነው?

መርካቶ አንድ ጥቅል ጨርቅ ሊገዛ የሚገባ ነጋዴ ሦስት ሱቅ ሳይዞር፣ ጨርቁን በጣቱ ሳይዳብስና በዋጋው ሳይከራከር ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ይኸው ነጋዴ ግን ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ስትሆን የምትወልድበትን ሆስፒታል የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በወሬ ነው። «እዚያ ንጹሕ ነው»፣ «የመንግሥቱ ይጨናነቃል»፣ «እህቴ እዚያ ወልዳ ተመስገን በሰላም ወጣች» ይባልና ውሳኔው ያልቃል። በሌላው ገበያ ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ እዚህ ላይ ይዘለላል። ለመሆኑ ከፋዩ የሚገዛው ምንድነው?

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ የወሊድ ገበያ ሁለት ዋና ዋና መደብ አለው። አንደኛው የመንግሥት ነው። ጋንዲ መታሰቢያ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ፣ ጳውሎስ፣ አበበች ጎበናና ሌሎችም ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በየአካባቢው ያሉት ጤና ጣቢያዎች በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀውን የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ተከትሎ በመጣው አሠራር መሠረት ወሊድ በመንግሥት ተቋማት ክፍያ ከማይጠየቅባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። ሁለተኛው መደብ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ በሩ የተከፈተለት የግሉ ዘርፍ ነው። በመካከላቸው ደግሞ በመንግሥት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ውጭ በክፍያ የሚያስተናግደው «የግል ክንፍ» አለ።

ነፃ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታል ዋጋው በሌላ መንገድ ይከፈላል። ወረፋ አለ፤ «አልጋ ሞልቷል» ተብሎ በምጥ ላይ እያሉ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ አለ፤ በመድኃኒት ቤቱ የጠፋውን «ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» መባል አለ፤ ባል በር ላይ ቆሞ የሚያነጋበት ሌሊት አለ። በግል ሆስፒታል የሚከፈለው ገንዘብ በመጀመሪያ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ መገላገልን ነው። የብቻ ክፍል ይገኛል፤ ከክትትል እስከ መውለድ አንድ ሐኪም ይገኛል፤ እናት ወይም እህት አጠገብ ትሆናለች። ይህ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባውም። ምጥ ላይ ያለች ሴት በአክብሮት መስተናገዷ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። አቅም ያለው ቢከፍልበት አይፈረድበትም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ውድ የሆነው ሁሉ ከአደጋ የራቀ ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል የሚውለው ስፔሻሊስት ማታ በግል ሆስፒታል የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪሙ በር ስለቀየረ እውቀቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለወጠው የሚከፈልበት መንገድ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2008 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት በዚህ ረገድ የሚያስገርም ልዩነት አሳይቷል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ከወለዱት እናቶች በኦፕራሲዮን የወለዱት 15 በመቶ ሲሆኑ፣ ለትርፍ በተቋቋሙት የግል ተቋማት ግን ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በዚያው ጊዜ በመላ አገሪቱ ከተወለዱት ሕፃናት ሁሉ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 0.6 በመቶ ብቻ ናቸው። በሌላ አነጋገር የገጠሯ እናት ኦፕራሲዮኑን አጥታ ስትሞት፣ የከተማዋ ከፋይ ከሁለት አንድ ያህል ዕድል ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአዲስ አበባን መጠን ወደ 21 በመቶ፣ የአገሪቱን ደግሞ ወደ 2 በመቶ አድርሶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ መጠኑ በሕዝብ ደረጃ ከ10 በመቶ ሲያልፍ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከዚያ በላይ ሲቀንስ እንደማይታይ አስታውቋል።

እርግጥ ቁጥሩ ብቻውን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋና በራሳቸው ፈቃድ ኦፕራሲዮኑን የሚመርጡ እናቶች ወደ ግል ተቋማት ያዘነብሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሌላም ሒሳብ አለ። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ኦፕራሲዮኑ ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ክፍያውም ከምጥ ወሊድ የበለጠ ነው። ረጅሙ ሥራ በርካሽ፣ አጭሩ ሥራ በውድ በሚሸጥበት ገበያ ሻጩ ወደየትኛው እንደሚያደላ ለነጋዴ አይነገረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚገዛ የሚወስነው ራሱ ሻጩ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት «የሕፃኑ ልብ ምት ደክሟል» ስትባል ሌላ ሱቅ ልጠይቅ አትልም።

በከንቱ የተሠራ ኦፕራሲዮን ደግሞ ወጪው በዚያው ቀን አያልቅም። የማገገሚያው ጊዜ ይረዝማል፤ በማኅፀን ላይ የቀረው ጠባሳ የሚቀጥለውን እርግዝና አደጋ ይጨምራል። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ልጅ እንደገና ኦፕራሲዮን የመሆን ዕድሉም ከፍ ይላል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ያው ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከሞት ምክንያቶች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው። ደም መፍሰስ ቀጠሮ አይዝም፤ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ስለዚህ ሆስፒታል የሚመዘነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለው አቅሙ ነው። የእንግዳ መቀበያው እብነ በረድ በዚያ ሰዓት የሚሰጠው እርዳታ የለም።

ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ሌሊት የማኅፀን ሐኪሙና ማደንዘዣ ሰጪው ግቢው ውስጥ ያድራሉ ወይስ ከቤት በስልክ ይጠራሉ? ደም በሆስፒታሉ ተቀምጧል ወይስ በችግሩ ሰዓት ከደም ባንክ ይፈለጋል? በተለምዶ «ሙቀት ክፍል» የሚባለው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለ ወይ? ካለስ የአንድ ቀን ሒሳቡ ስንት ነው? የተነገረው ዋጋ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ወደ ስንት ያድጋል? ከአቅም በላይ ቢሆን እናቲቱ ወዴት፣ በማን አምቡላንስ ትላካለች?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ያው የመንግሥት ትልቅ ሆስፒታል ነው። በዚህ ምክንያት በመንግሥት ሆስፒታል የሚያልፍ ሰው የሚያጣው ምቾትን ሲሆን፣ በደንብ ባልተደራጀ ትንሽ የግል ተቋም የሚያልፍ ግን በመንገድ ላይ የሚባክን ሰዓትን ሊያጣ ይችላል። እርግዝናዋ አስጊ ነው የተባለች እናት ምርጫዋን ከዚህ አንጻር ብታየው ይበጃል። ጤነኛ እርግዝና ያላትና አቅሙ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ለጥያቄዎቹ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ የግል ሆስፒታል ካገኘ ይክፈል፤ ገንዘቡ በከንቱ አልሄደም።

የባለሀብቱ ድርሻ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሕክምና ዕቃ ዋጋ መክበዱ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ በሆስፒታል ላይ ገንዘቡን ያዋለ ባለሀብት ወጪውን በኦፕራሲዮን ብዛት ለማካካስ ቢፈተን አያስደንቅም። የሚሻለው መንገድ ግን ሌላ ነው። ለምጥ ወሊድም ለኦፕራሲዮንም አንድ የጥቅል ዋጋ የሚያስከፍል ሆስፒታል ሐኪሙን ከፈተናው ያወጣዋል፤ ቤተሰቡንም ከድንገተኛ ሒሳብ ያድነዋል። በየዓመቱ ስንት እናት አዋለደ፣ ስንቱን በኦፕራሲዮን፣ ስንቱን ወደ ሌላ ላከ የሚለውን በግድግዳው ላይ የሚለጥፍ የመጀመሪያው ሆስፒታል ደግሞ ያለ ማስታወቂያ ገበያውን ይወስዳል። የጤና ሚኒስቴርም ይህን መረጃ ሁሉም እንዲያወጣ ቢያስገድድ ማንንም አይበድልም።

አሠሪ ድርጅቶችና የመድን ኩባንያዎችም የሚጫወቱት ሚና አለ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ተግባራዊነቱ ለዓመታት ተጓትቷል። እስከዚያው መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከአንድ ባል የበለጠ የመደራደር ጉልበት አለው። ውል ሲፈርም ከአልጋው ዋጋ በፊት የሌሊቱን ዝግጅትና የኦፕራሲዮኑን መጠን ይጠይቅ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። የወሊድ ገበያው ደንበኛ ሞኝ አይደለም፤ የሚያመዛዝንበት ወረቀት ሳይሰጠው ነው ደጃፉ ላይ የሚቆረጠው። ወረቀቱን መጠየቅ የሚቻለው ደግሞ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት ብቻ ነው።