ሳይከፈት የሚያስከፍል ቪዲዮ

ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ ላይ ያመለጠንን አንድ ሌክቸር በቪዲዮ ለማየት ብለን የአንድ ትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ከፍተን ነበር። የፈለግነው አንዱን ብቻ ነው። ገጹ ግን ደርዘን የሚሆኑ ቪዲዮዎችን ከነማጫወቻቸው ባንድ ጊዜ ያወርድ ጀመር፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ለይተን ሳንጨርስ በስልካችን የነበረው የዳታ ጥቅል አለቀ። ሌክቸሩንም ሳናይ ፈተና ገባን። ከዶርም ጓደኞቻችን መካከል ይህ ያልደረሰበት ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የኔትወርክ ነው ማለት የተለመደ ነው፤ እኛም ብዙ ጊዜ ብለነዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ጥፋቱ ገጹን የጻፈው ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ ከኛው አንዱ ነው።

ቪዲዮ በገጽ ላይ ሲቀመጥ ከፊቱ የምትቆም ትንሽ ሥዕል አለች፤ ተምኔል የሚሏት ናት። ሥራዋ የበር ጠባቂ ሥራ ነው፤ ይኸውም ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ለመጣው እንግዳ ነግራ፣ እሱ ሲፈቅድ ብቻ በሩን መክፈት። (በየዩቲዩቡ የምናየው አፉን የከፈተ ሰውና ቀይ ቀስት በር ጠባቂ ሳይሆን ደላላ ነው፤ ስለሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።)

ለዚህ አዲስ ጥበብ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ቪዲዮ ለሚባለው ምልክት ፖስተር የሚል ቦታ ሰጥቶታል፤ ሥዕሏ የምትገባው እዚያ ነው። ፕሪሎድ በሚባለው ቦታ ደግሞ «ምንም አታምጣ» የሚለውን ቃል ብንጽፍ፣ አንባቢው ሳይጫን ፋይሉን እንዳያወርድ ብሮውዘሩን ጠየቅነው ማለት ነው። ቪዲዮው ያለው በዩቲዩብ ከሆነ ግን ማጫወቻውን በገጹ ላይ መትከል ይቅር፤ ማንም ሳይነካው ብዙ መቶ ኪሎባይት ይበላልና። ሥዕሏን ብቻ አስቀምጦ ሊንክ ማድረግ ይበቃል። ከሥዕሏ ሥር በተራ ጽሑፍ ርዕሱ፣ የሚፈጀው ደቂቃና የፋይሉ ሜጋባይት ይጻፍ። ኦልት በሚባለውም ቦታ ይኸው በቃል ይግባ፤ ይህ ቦታ ባዶ ሲቀር ለዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን የሚያነብላቸው መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚያሰማቸው ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበትን የፋይል ስም ነው።

«ደንቡ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ሞልቷል፤ ችግሩም እሱ ነው። ያሁ በ2004 ሚዲያ አርኤስኤስን አወጣ፤ በ2008 ኦኤምቤድ፣ በ2010 የፌስቡክ ኦፕን ግራፍ፣ በ2011 ደግሞ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ ያቋቋሙት ስኬማ ዶት ኦርግ ተከተሉ። ለአንዲት ትንሽ ሥዕል አራት የክርስትና ስም! በቴሌግራም ሊንክ ስንልክ ሥዕሏ ብቅ የምትለው በኦፕን ግራፍ ነውና ይኑር፤ አንጠላውም። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተጻፉት ለማሽን ነው። ገጹን የከፈተው ተማሪ አንዱንም አያየውም፤ ስንት ሜጋባይት ሊከፍል እንደ ሆነም አይነግሩትም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለኛ ከዳታው ይልቅ የሚከብደን ይኸኛው ነው። ቪዲዮ ለብዙ ዓመታት ይታይ የነበረው ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም ነበር። አዶቤ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም፣ በፍላሽ ብቻ የተሠራ ገጽ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ቀረ። ፋይሉ ምናልባት ዛሬም በሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ጠፍቷል። በዚያው ዘመን ሥዕል አስቀምጦ በቀጥታ ከፋይሉ ጋር በሊንክ ያያያዘ ሰው ግን ፋይሉ ካለ ገጹ ዛሬም ይከፈታል። ጡረታ የወጡ መምህራን ሌክቸር፣ የክርክር ጉባኤዎቻችን፣ የምረቃ ቀናችን ሁሉ ዛሬ በቪዲዮ ነው ያለው። ማጫወቻው ከተለወጠ በኋላ ብንጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።

በኅብረቱ ገጽ ላይ ያሉትን ቪዲዮዎች በዚህ ዓይነት እንደገና ለመጻፍ ሁለት ቅዳሜ ይበቃናል ብለን እንገምታለን። ኤችቲኤምኤል የሚያውቅ ይምጣ፤ የማያውቅም ደቂቃውንና ሜጋባይቱን እየመዘገበ ሊረዳን ይችላል። ከዚህ የቀለለ ደንብ አለኝ የሚል ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።