ገንዘብ ንግግር ነው? የአሜሪካ የምርጫ ፋይናንስ ሙግት እና የመጨረሻዎቹ ገደቦች

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓርቲዎች ከእጩዎቻቸው ጋር ተመካክረው በሚያወጡት ገንዘብ ላይ የተጣለውን ጣሪያ የሚመለከት ክርክር እ.ኤ.አ ዲሴምበር 9 ቀን 2025 አድምጧል።

ክሱን የመሰረቱት የሪፐብሊካን ፓርቲ የሴኔት እና የተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ኮሚቴዎች ናቸው። ክሱ በቀረበበት በ2022 ለኦሃዮ የሴኔት መቀመጫ የተወዳደሩት የአሁኑ ምክትል ፕሬዝዳንት ጄዲ ቫንስም ከከሳሾቹ መካከል ይገኛሉ።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ግለሰብ በ2025 እና 2026 የምርጫ ዘመን ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው 3 ሺህ 500 ዶላር ነው። ለአንድ ብሔራዊ የፓርቲ ኮሚቴ ግን በዓመት 44 ሺህ 300 ዶላር መስጠት ይችላል።

የውዝግቡ ቋጠሮ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ጣሪያው ከተነሳ ለፓርቲው የተሰጠው ከፍተኛ ገንዘብ በእጩው ምክር ለእጩው ማስታወቂያ ሊውል ስለሚችል፣ የ3 ሺህ 500 ዶላሩ ገደብ ትርጉም ያጣል ሲሉ የሕጉ ደጋፊዎች ይከራከራሉ።

ከሳሾቹ በበኩላቸው የፓርቲ ዋነኛ ሥራ እጩውን ማስመረጥ በመሆኑ፣ ሁለቱ እንዳይመካከሩ መገደብ የመናገር ነጻነትን መጣስ ነው ይላሉ።

ለምን አሁን?

ይህ ጣሪያ በ2001 በዚሁ ፍርድ ቤት ተፈትኖ በ5 ለ4 ድምጽ ጸንቷል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ጣሪያው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሕግ ነው።

ፍርድ ቤቱ በ1976 በሰጠው ውሳኔ ለእጩ የሚሰጥ ገንዘብ ሙስናን ለመከላከል ሊገደብ እንደሚችል፣ እጩው ወይም ሌላ ወገን ለቅስቀሳ የሚያወጣው ወጪ ግን እንደ ንግግር ስለሚቆጠር ሊገደብ እንደማይችል ወስኗል።

በ2010 "ሲትዝንስ ዩናይትድ" በሚል በሚታወቀው ውሳኔ ደግሞ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማህበራት ከእጩዎች ተለይተው ያለ ገደብ እንዲያወጡ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ "ሱፐር ፓክ" የተባሉት ቡድኖች ተወለዱ።

ባለሀብቱ ኢሎን መስክ በ2024 ምርጫ ዶናልድ ትራምፕንና ሌሎች ሪፐብሊካኖችን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣታቸው ይታወሳል።

በዚያው ዓመት የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን እነዚህ ቡድኖች በቤት ለቤት ቅስቀሳ ከእጩዎች ጋር መቀናጀት እንደሚችሉ አስተያየት ሰጥቷል።

ፓርቲዎች "የውጭ ቡድኖች ያለ ገደብ ሲያወጡ እኛ ለምን እንታሰራለን?" የሚል መከራከሪያ ያገኙት ከዚህ ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ አደጋውም በዚያው ልክ ነው። አንድ ገደብ በፈረሰ ቁጥር መፍረሱ ራሱ ቀጣዩን ለማፍረስ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። በዚህ አካሄድ የ3 ሺህ 500 ዶላሩ ገደብም ተራው መድረሱ አይቀርም።

ሕጉን የሚያስከብረው ማነው?

በተለመደው አሠራር የምክር ቤቱን ሕግ በፍርድ ቤት የሚከላከለው መንግሥት ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የትራምፕ አስተዳደር ከከሳሾቹ ጎን በመቆሙ፣ ሕጉን ለመከላከል የዴሞክራት ፓርቲ ኮሚቴዎች ጣልቃ ገብተዋል፤ ፍርድ ቤቱም ለዚሁ ጠበቃ ሰይሟል።

ስድስት መቀመጫ ያለው የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ደግሞ ለዋና ዋና ውሳኔዎች የአራት ኮሚሽነሮች ድምጽ ያስፈልገዋል። በ2025 ፕሬዝዳንቱ አንዷን ኮሚሽነር ሲያሰናብቱና ሌሎችም ሲለቁ የአባላቱ ቁጥር ከአራት በታች ወረደ። ምልዓተ ጉባኤ የሌለው ኮሚሽን የገንዘብ ሪፖርቶችን መቀበል ቢችልም፣ አዲስ ምርመራ መክፈትም ሆነ መቅጣት አይችልም።

ለኢትዮጵያውያን ምን ማለት ነው?

ገደቦቹ ሲላሉ የማይላላ አንድ ክልከላ አለ። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ መስጠት አይፈቀድለትም። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ክልከላውን ቢሞግቱም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በነርሱ ላይ የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቷል።

በመሆኑም በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ የሚኖር ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ መምረጥ ባይችልም ለእጩ ማዋጣት ይችላል። በባህረ ሰላጤው አገራት የሚሠራ ወንድሙ ወይም እህቱ ግን አይችሉም፤ ገንዘቡን በእርሱ ስም እንዲሰጥላቸው መላክም በሕግ ያስጠይቃል።

ፍርድ ቤቱ የሥራ ዘመኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠናቅቀው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ውሳኔው ወደየትም ቢያዘነብል፣ መራጩ ማን ለማን እንደከፈለ የሚያውቅበት የይፋ ሪፖርት ግዴታ ዋነኛ መከላከያው ሆኖ ይቀራል፤ ያም ቢሆን የሚጠቅመው ሪፖርቱን መርምሮ የሚጠይቅ አካል ሲኖር ነው።