ኮርሱ አንድ፣ ቡድኑ ብዙ ይሁን



ክረምት በመጣ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ወንድሞችና እህቶች ለታናናሾቻቸው በቴሌግራም ማስተማር ይጀምራሉ። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የኮምፒውተር ትምህርት። ኒያው ያማረ ነው። ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። 200 ሰው ባለበት ግሩፕ የአስተማሪው ፒዲኤፍ በሰላምታና በስቲከር ይዋጣል፤ የቤት ሥራ በውስጥ መስመር ይጎርፋል፤ ማን እንደላከ፣ ማን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። አስተማሪው ይሰለቻል፣ ኮርሱም ሳያልቅ ይቆማል።

አንዳንዶች ለደብረ ታቦር አንድ፣ ለአዲስ ዘመን አንድ፣ ለንፋስ መውጫ ሌላ ኮርስ ይከፍታሉ። ይህ ድካሙን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። አንዲት ስሕተት ሦስት ቦታ መታረም አለባት።

እኔ የምለው፦ ትምህርቱ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የሚከፈሉት ተማሪዎቹ ይሁኑ። አስተማሪው ብቻ የሚለጥፍበት አንድ ቻናል ይኑር። ተማሪዎቹ ደግሞ በየከተማቸውና በሚመቻቸው ሰዓት ከ10 እስከ 15 እየሆኑ ይመደቡ። ለየቡድኑ አሚር ይመረጥ። እህቶች የራሳቸው ቡድንና አሚራ ይኑራቸው፤ ወንዶች በበዙበት ግሩፕ ጥያቄዋን ይዛ ዝም የምትለው እህት ያኔ ትናገራለች።

አሚሩ የቤት ሥራ የላከውንና የቀረውን ይመዘግባል። ጥያቄ ይሰበስባል፣ በቡድኑ ውስጥ የሚመለሰው እዚያው ይመለሳል፣ ያልተፈታው ብቻ ለአስተማሪው ይደርሳል። ያኔ አስተማሪው የሚከታተለው 200 ሰው ሳይሆን 15 አሚሮችን ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ሀለቃ ሸኹ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቀሩም፤ የገፋው ደረሳ ጀማሪውን ያቀራል። ሙድል የተባለው፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ነጻ ፕሮግራምም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በአንድ ኮርስ ውስጥ ተማሪዎችን በቡድን ይከፍላል፣ ውጤታቸውን በቡድን ለይቶ ያሳያል፣ ለአንድ ቡድን ብቻ የማስረከቢያ ቀን ማራዘምም ያስችላል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። የጋይንቱ ቡድን ኔትወርክ ሲያጣ የእሱ ቀን ይራዘማል፣ የሌላው ትምህርት ይቀጥላል። ኔትወርክ ያገኘ አንድ ልጅ ትምህርቱን አውርዶ ለቡድኑ በፍላሽ ወይም በዜንደር ያደርሳል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነጻ ስልጠና ለተመዘገባችሁም ይኸው ይጠቅማል። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሲከብደው ይተወዋል፤ ጓደኞቹ የሚጠብቁት ግን ይገፋበታል።

«አንዱ ሠርቶ ሌላው ይገለብጣል» የሚል ስጋት አለ። እውነት ነው፣ ይከሰታል። ስለዚህ ልምምዱ በቡድን፣ ፈተናው በነፍስ ወከፍ ይሁን። አሚሩም መልስ አዳይ እንዳይሆን ከመጀመሪያው ይነገረው፤ የተሰጠው አማና ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለመጪው ክረምት ለማስተማር ያሰባችሁ፣ ሊንኩን ከመበተናችሁ በፊት አሚሮቻችሁን ምረጡ። ከአስተማሪ እጥረት ይልቅ ያሉት አስተማሪዎች ተሰላችተው መቅረታቸው ነው የጎዳን።

አላህ ሥራችንን ያግራልን።