ከጉባኤ ወደ ጉባኤ
በፈረንጆች ዓመት መባቻ ላስ ቬጋስ፥ ከዚያ ባርሴሎና፥ ዓመቱ ሲመሽ ሊዝበን! ርቀትን የሚያጠፋ መሣሪያ የሚሸጥ የቴክኖሎጂ ነጋዴ ስለ ምን ዘመኑን ከጉባኤ ወደ ጉባኤ በመብረር ይፈጃል? «ፊት ለፊት ካልተያዩ መተማመን የለም» ይለናል። ነገር ግን በወረርሽኙ ጊዜ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የባርሴሎናው የሞባይል ጉባኤ ተሰረዘ፤ በ2021 የላስ ቬጋሱ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት በኢንተርኔት ብቻ ተደረገ፤ የቴክኖሎጂ ንግድ ግን ገነነ እንጂ አልሞተም። እንግዲህ ጉዞው አብዛኛው ለሥራ ሳይሆን ለስም ነው። እርሱ በባዕድ አዳራሽ ሲጨበጨብለት፥ በቤቱ ደንበኛው መልስ፥ ሠራተኛው መሪ ያጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው። ወዳጄ ሆይ፥ አንዱን ጉባኤ መርጠህ ሂድ፤ በቀሩት ወራት ከሥራህ ላይ ተገኝ።