የእኛ ቡዳ ግንብ የለውም

«የራሳችን ቡዳ እያለልን የፈረንጅ ደም መጣጭ ምን ይሠራልናል? የኮምፒውተር ጨዋታ ከሠራን አይቀር በቡዳ እንሥራ!» የሚል ሙግት አለ። አገርኛ ነገር መውደዱን እወድለታለሁ፤ በሙግቱ ግን አልስማማም።

ይህን የምለው እዚህ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ ተቀምጬ «ኤ ቫምፓየር ስቶሪ»ን ገና መጫወት እንደ ጀመርሁ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ጠንሳሹ ቢል ቲለር ቀደም ሲል የሉካስአርትስ ሠዓሊ ነበር። ተኩስ የለበትም፤ በማውዝ እየጠቆሙ ማየት፣ መነካካት፣ ማነጋገር ነው። ሞና የተባለችውን የኦፔራ ዘፋኝ አንድ ባሮን ቫምፓየር አድርጎ በግንቡ አግቷታል። ባሮኑ ሲገደል ወደ ፓሪስ ማምለጥ ትሻለች፤ ቫምፓየር መሆኗን ግን አትቀበልም፤ የምትጠጣው ደም ወይን ይመስላታል። ሥዕሉ ያምራል፤ ንግግሩ ቢረዝምም ቀልዱ ያስቃል።

ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ፤ ደም መጣጩ ባላባት ነው። ልማዱም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 የታተመው የፖሊዶሪ ቫምፓየር ሎርድ ነበር፤ በ1897 የወጣው የብራም ስቶከር ድራኩላ ደግሞ ካውንት። የአውሮፓ ደራስያን ደም የመምጠጡን ክስ ያቀረቡት በባለግንቡ ላይ ነው።

እኛስ? ጣታችንን የቀሰርነው ማረሻችንን በሚቀጠቅጠው ብረት ሠሪ፣ ድስታችንን በምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ በቤተ እስራኤል ላይ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አልን። ገበሬውን ሲሶና እኩል ያስገበረውን ባላባት ግን ማንም ቡዳ አላለውም! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። በሲዳማም ሐዲቾ የሚባሉትን ሸክላ ሠሪዎች ልማድ ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ለይቷቸው ኖሯል።

በድራኩላ ብንቀልድ የሚሸማቀቅ ልጅ የለውም። ቡዳ ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ ግን አለ። ሞና «ቫምፓየር አይደለሁም» ስትል የምንስቀው መሆኗን ስላየን ነው። ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ አይደለሁም» ስትል የማናምናት ግን ምን አይተን ነው?

ቡዳ አይነሣ አልልም። ይነሣ፤ ግን በተከሳሹ ዐይን ይታይ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ፍንጭ ፍለጋ ነው፤ ለዚህም ይመቻል። በመንደሩ ሕፃን ይታመም፤ መንደርተኛው ወደ ብረት ሠሪው ቤት ይትመም፤ ተጫዋቹም ራሱ ብረት ሠሪው ይሁን። ሰዉ ደጁ ሳይደርስ እየጠቆመ፣ እየነካካ፣ እያነጋገረ የሕመሙን እውነተኛ ምንጭ ይፈልግ፤ የተበከለውን ጉድጓድ፣ የወባ ትንኝ የምትራባበትን ኩሬ። እንዲህ ያለውን የቡዳ ጨዋታ ለመጫወት የመጀመሪያው እኔ ነኝ።